ባዶ ካሴት ያመጣ ሁሉ

እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። መዝሙሮቿን ሁሉ ያወጣችው በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነው። ረጅም ስፌት ስትይዝ ዜማው ይረዝማል፤ እጅጌ ስትገጥም ይቆራረጣል፤ ክር ከተበጠሰባት መዝሙሩም እዚያው ይቆማል። ክሩን በምራቋ አርሳ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ እስክታስገባ ድረስ እናታችን ጓዳ ሆና፣ እኔም የብየዳ ብረቴን ይዤ፣ ቀጣዩን ስንኝ እንጠብቃለን። ዛሬ ሰው በየአዳራሹ እጁን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያለቅስበት ያ መዝሙር የወጣው የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ ሲዘመዘም ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሷ፣ እኔና ጊታር ይመታልን የነበረው ሎጋው ብቻ ነን።

እኔ ራዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። የምሠራው እዚያው ቤት፣ ከእሷ መኪና ፊት ለፊት፣ መስኮት ሥር በተቀመጠች ጠረጴዛ ላይ ነው። አባታችን ሲሞት ትምህርት የሚባል ነገር ለእኛ ቤት ቀረ፤ እኔም ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ። የሰፈሩ የተማሩ ልጆች ‹‹ቴፑ›› ይሉኝ ነበር። ‹‹ቴፑን ጥሩት››፣ ‹‹ቴፑ ጋ ውሰደው››። ዛሬ ከእነሱ ግማሹ ሐኪም፣ ግማሹ ሰባኪ ሆኗል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ግን አሁንም ‹‹አለህ ቴፑ?›› ብለው ትከሻዬን መታ አድርገው ያልፋሉ። ስም እንዳለኝ የሚጠረጥር የለም።

በጸሎት ቤቱ መዘምራን ውስጥም ለጥቂት ጊዜ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ መሪያችን እጁን አንስቶ ሁሉንም አስቆመና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ‹‹ወንድሜ፣ አንተ ለጊዜው በማዳመጥ አገልግል›› አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ። ሴቶቹ አፋቸውን በመዝሙር ደብተራቸው ሸፈኑ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ለጊዜው የተባለው ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም።

ሎጋው ያልነው ቁመቱን አይተን ነው። ጎረምሳ ሆኖ ከአጎቱ ጋር ነበር የሚኖረው፤ አጎቱ ደግሞ በሩን ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ልጁ አምስት ክር ብቻ የቀረውን ጊታር አንግቶ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ይቆማል። እናታችን፣ ‹‹ግባ እንጂ፣ ምን እንደ እንግዳ ትገተራለህ?›› ትለዋለች። ይገባል፤ ከገባ ደግሞ ሳይበላ አይወጣም። በዚያን ጊዜ እኔን ጋሼ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ይህን መካድ አልችልም።

መዝሙሩን የቀዳነው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ደንበኛ ለጥገና አምጥቶት በዚያው የቀረ ትልቅ ቴፕ ነበረኝ። በመስኮቱና በበሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ማይኩን እትዬ በምላት በእህቴ የልብስ መለኪያ ሜትር አስሬ ከጣሪያው ምስማር ላይ አንጠለጠልኩት፤ ሎጋው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ እሷ ከስፌት መኪናዋ አልተነሳችም። ‹‹ቆሜ ከሆነ ይጠፋብኛል›› አለች። እንዲህ ነበር የሚለው፦

እጄ ባዶ ሆኖ ደጅህ ላይ ብመጣ፣
ያንኑ ባዶ እጄን ይዘህ አስገባኸኝ ጌታ።

አዝማቹ ይኸው ነው፤ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ስትጨርስ ሎጋው ጊታሩን እንዳቀፈ ቀረ። እኔ ቴፑን አጠፋሁ። ከብርድ ልብሱ ሙቀት የተነሳ ሦስታችንም በላብ ተጠምቀናል። ‹‹ምነው፣ አላማረም እንዴ?›› አለች እትዬ፣ የተቆረጡትን ክሮች ከጭኗ ላይ እያራገፈች።

በማግስቱ ቴፑ ክሩን በላው። የቴፕ ነገር የሚያውቅ ያውቃል፤ ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተትና ከዚያ ጭራሽ ይታፈናል፤ ከፍተህ ስታየው ቡናማው ክር እንደ አንጀት ተጠቅልሎ ይጠብቅሃል። ቀስ ብዬ ፈታሁት። የተጨማደደው ቦታ የማይድን ስለነበር ቆርጬ አወጣሁትና ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር አያያዝኩ። ስናጫውተው ለሦስተኛ ጊዜ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ‹‹ያንኑ ባዶ እጄን›› ይልና፣ ‹‹ይዘህ አስገባኸኝ›› የሚለው ጠፍቶ፣ ዘሎ ‹‹ጌታ›› ላይ ያርፋል። ሰው ሳግ ሲይዘው እንደሚሆነው።

እትዬ ይህን ስትሰማ መኪናዋን ተደግፋ ሳቀች። ‹‹ኧረ በሞቴ! ጌታን ሳያስገባኝ ደረስኩበት!››

‹‹እንደገና እንቅዳው›› አልኳት ተናድጄ።

‹‹በየት በኩል? ይህ ሁሉ ዩኒፎርም እየጠበቀኝ? ሰው ሲዘምረው ራሱ ይሞላዋል።››

ማንም አልሞላውም። ሰው የሰማውን ነው የሚዘምረው። እኔ አባዛሁ፤ ከእኔ የወሰዱትም ለሌላ አባዙ፤ ከቅጂው ቅጂ፣ ከቅጂው ቅጂ እየተባለ አገር ለአገር ዞረ። ዛሬ የትም ብትሄዱ፣ በሦስተኛው ላይ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ቆርጦ ይዘላል። የሚያለቅሰውም እዚያችው ቦታ ላይ ነው። የኔ ፕላስተር መሆኑን ማን ነግሮት!

የእትዬ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ባዶ ካሴት ያመጣ ሁሉ ይወስዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃችን ላይ ሰው ይሰለፋል። ወታደር፣ ተማሪ፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ ከሌላ ጸሎት ቤት የተላኩ ሽማግሌ። ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አድርጌ፣ በሽቦ አገናኛለሁ፤ አንዱ ሲዘምር ሌላው ይሰማል። የሚያፈጥን ማሽን የለም፤ አንዱን ካሴት ለመቅዳት መዝሙሩን ከነሙሉ ርዝመቱ ቁጭ ብለህ መስማት አለብህ። ስለዚህ ተራ የሚጠብቀውም አብሮ ይሰማል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ጠዋት የመጣው ወደ ከሰዓት መዝሙሩን ሸምድዶ ይወጣል። አንዳንዱማ ካሴቱን ረስቶ ይሄዳል። እናታችን በሰልፉ መሃል እያለፈች፣ ‹‹እናንተ ልጆች፣ እግራችሁን ሰብስቡልኝ›› ትላለች።

ባዶ ብለው የሚያመጡት ደግሞ ባዶ አይደለም። የውጭ ቋንቋ ትምህርት፣ የሰርግ ጭፈራ፣ የኳስ ጨዋታ፣ የአለቃ ንግግር ያለበትን ነበር የሚያመጡልኝ። እኔ ከላዩ ላይ እቀዳለሁ፤ መዝሙሩ ሲያልቅ የቀድሞው ብቅ ይላል። የዳቦ ቤቷ ሴት ተንበርክካ ስትሰማ ቆይታ፣ ‹‹ጌታ›› ተብሎ ጸጥ ሲል፣ ‹‹ጎ–ል!›› ብሎ የጮኸባት ጊዜ በድንጋጤ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። መጥታ፣ ‹‹አንተ ቴፑ፣ ልትገድለኝ ነው?›› አለችኝ። ‹‹ካሴቱ የባልሽ ነው፣ እሱን ጠይቂው›› አልኳት። ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ወደቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ የት ሄደ?

የሙዚቃ ቤት ያለው ሰውዬም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ቆንጆ ሽፋን ሠርቶ፣ የእትዬን ፎቶ ለጥፎ ሊሸጠው ፈለገ።

‹‹ሱቅ ከገባ የሌለው ሰው በምን ይሰማዋል?›› አለችው።

‹‹እሜቴ፣ ቢያንስ ወንድምዎ ለሚደክመው ድካም…››

‹‹ወንድሜ አይደክመውም›› አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ጀርባዬ ከጠዋት ጀምሮ ተሰንጥቋል። ደከመህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ብጠየቅም ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም፤ ግን አልተጠየቅኩም። የጸሎት ቤቱ በዓል ሲከበር በታተመው መጽሔት ላይም ‹‹የመዝሙር አገልግሎታችን ባለውለታዎች›› የሚል ፎቶ ወጥቷል። መዘምራኑ በሙሉ ቆመዋል፤ እትዬ መሃል ናት፤ በስተቀኝ ጥግ ላይ አንድ ክርን ይታያል። የኔ ክርን ነው። ሸሚዙን አውቀዋለሁ፣ እሷ ናት የሰፋችው።

ከዚያ እናታችን ሞተች። ሎጋው ትልቅ ከተማ ገባ። ካሴት የሚባለው ነገር ቀረ፤ ከእሱ ጋር የኔም ሥራ ቀረ። ቅዳሜም እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ። አንዳንዴ ጠዋት ተነስቼ ደጁን እከፍትና እንደ ሞኝ ትንሽ ቆሜ እዘጋዋለሁ።

ሎጋው ዘማሪ ሆነ፤ ታላቅ ዘማሪ። የእትዬን መዝሙር በአልበሙ ላይ ሠራው። በቴሌቪዥን ጠየቁት። ‹‹ጸሎት ላይ ሳለሁ የመጣልኝ ነው›› አለ። ጠያቂዋ፣ ‹‹በተለይ ያቺ ትንፋሽ የምትቆረጥባት ቦታ!›› ብላ ደረቷን ያዘች። እሱም፣ ‹‹እሷ ከእኔ አይደለችም፣ ከላይ ናት›› ብሎ ጣቱን ወደ ጣሪያ ቀሰረ። ጫማዬን አውልቄ ነበር። ቴሌቪዥኑን ራሴ ነኝ የጠገንኩት፣ ስለዚህ አልወረወርኩም።

‹‹ሰማሽው?›› አልኳት እትዬን።

‹‹ሰማሁት። ድምፁ ወፈር ብሎ አምሮበታል።››

‹‹ድምፁን ነው ያልኩሽ? ሌባ ነው!››

‹‹ሲሰጥ የነበረን ነገር እንዴት ይሰርቁታል? ይልቅ አንገቱን አይተኸዋል? አይበላም መሰለኝ።››

ከእሷ ጋር እንዲህ ነው። ተውኩት። አልተውኩትም ግን ዝም አልኩ።

ዝምታዬ የተነቀነቀው ባለፈው ዓመት ነው። እትዬ ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል፤ ከአልጋ የምትነሳው ተደግፋ ነው። የቀድሞ የጸሎት ጓደኞቿ በየሳምንቱ ሆስፒታል እየሄዱ ለበሽተኞች ይዘምራሉ፤ የእሷ መዝሙር ሁልጊዜ አለበት። ከእነሱ አንዷ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ በስልኳ እየቀረጸች ኢንተርኔት ላይ ትለቀው ነበር፤ እንደ እትዬ ቤት የዋሉ ሰዎች በየአልጋቸው ሆነው ያዩታል። እትዬ ሳምንቱን የምትቆጥረው በዚያ ነው። ያቺ ቀን ስትደርስ ጸጉሯን ታስጎነጉናለች። ‹‹ለስልክ ነው የምትሽሞነሞኚው?›› እላታለሁ። ‹‹እኔ እነሱን ሳያቸው እነሱ የማያዩኝ ይመስልሃል?›› ትለኛለች።

አንድ ሳምንት ስንከፍተው የለም። የሎጋው አሳታሚ ድርጅት መዝሙሩ የኛ ነው፣ ያለ ፈቃድ ተዘምሯል ብሎ አስወርዶታል። ነርሷ ድጋሚ ለቀቀችው፤ ድጋሚ ወረደ፤ ከዚያ ገጻቸው ጨርሶ ተዘጋ። የጸሎት ቤቱ ኃላፊም ደነገጠና፣ ‹‹እህቶች፣ ጣጣ ውስጥ አታስገቡን። ያንን መዝሙር ተዉት፣ መቅረጹንም ተዉት›› አላቸው።

እትዬ ቀኑ ሲደርስ ጸጉሯን ሳትሠራ ቀረች። በሚቀጥለውም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ትውላለች። በሦስተኛው ጠራችኝ።

‹‹ሎጋው ጋ ሂድልኝ።››

‹‹እሄዳለሁ! ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ልክ ልኩን…››

‹‹ስማኝ እንጂ! ልክ ልኩን አይደለም። ልቀቁት በለው። የፈለገ ይዘምረው፣ የፈለገ ይቅረጸው። የኔ ነው አትበል። ስም አልፈልግም።››

‹‹እኔስ ብፈልግ?››

ዞራ አየችኝ። ‹‹አንተማ ትፈልጋለህ›› አለች።

ዋናውን ካሴት ከሳጥኑ አውጥቼ፣ ኮት ለብሼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የእሷን መልእክት ይዤ የራሴን ጉዳይ ነበር የምሄደው።

ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የሎጋው ፎቶ ከእኔ ይረዝማል። እሱ ራሱ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ‹‹ጋሼ!›› ብሎ አቀፈኝ። እኔ አላቀፍኩትም፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ካሴቱ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ጸጉሩን ቀለም ተቀብቷል፤ ዓይኑ ሥር አብጧል። ሥራ አስኪያጇ ትሑት ሴት ናት፤ ውሃ አስመጣችልኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ወደ ሎጋው ዞረች፤ እሱ ወደ ምንጣፉ ዞረ።

‹‹ማስረጃ አለዎት?›› አለችኝ።

ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ወደ ስቱዲዮው ገባን። የድምፅ ባለሙያው የካሴት ማጫወቻ ከዕቃ ቤት አስፈልጎ፣ አቧራውን እፍ ብሎ አስነሳው። ገና ክሩን ሲያይ፣ ‹‹ይህን ማነው የቀጠለው? ተንሻፏል እኮ›› አለ።

‹‹እኔ ነኝ።››

‹‹መቼስ በጊዜው…›› ብሎ ተወው።

እስከ መጀመሪያው መልሶ ለቀቀው። እኔ ለሰው ስቀዳ ሁልጊዜ ከጊታሩ ነበር የምጀምረው፤ ከዚያ በፊት ምን እንዳለ ጭራሽ ረስቼው ነበር። መጀመሪያ የወንበር መንቋቋት መጣ። ሎጋው ክር ይቃኛል። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጓዳ፣ ከድስት ክዳን ድምፅ ጋር፣ እናቴ፦

‹‹ያ ልጅ በልቷል?››

‹‹ሁለቴ በልቷል እማዬ!›› ይላል አንድ ብስጩ ወጣት። እኔ ነኝ።

‹‹እና ምን አለበት፣ ሦስተኛም ይብላ!››

እትዬ ትስቃለች። ‹‹በሉ ዝም በሉ፣ ይቀዳል እኮ። ሎጋው፣ ጀምር።››

እናቴን ከሞተች ጀምሮ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ድምፅዋን የማስታውስ ይመስለኝ ነበር፤ አላስታውስም ኖሯል። እንዲህ ቀጭን መሆኑን ረስቻለሁ። ወደ ማጫወቻው አጎነበስኩ። ቀና ስል ሎጋው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኗል፤ ትከሻው ይርገበገባል። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁም። እኔ ግን ያን ጊዜም ያሰብኩት ምን ነበር? እኔን በልቷል ወይ ያለ የለም ብዬ ነው። እንዲህ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

መዝሙሩ አለቀ። የድምፅ ባለሙያው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ ‹‹ጉድ ነው›› አለ። ሥራ አስኪያጇ ግን ፊቷ በርቷል። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

‹‹ጋሼ፣ ይህ ሀብት ነው። እናውጣው። ‹የመጀመሪያው ቅጂ› ብለን። የእህትዎ ስም ከላይ፣ ፎቶአቸው ሽፋኑ ላይ። ከሥር ደግሞ ‹ቀረጻ› ተብሎ የእርስዎ ሙሉ ስም። ሎጋውም ከእነሱ ነው የተማርኩት ብሎ መድረክ ላይ ያስተዋውቃችኋል። ክፍያውንም እንደ ሌላው ዘማሪ እናደርገዋለን። ባለ መብቱ ድርጅታችን መሆኑን መፈረም ብቻ ነው።››

ሙሉ ስም አለች። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ስሜ ተጽፎ ያየሁት መታወቂያዬ ላይ ነው። ወዲያው ታየኝ፤ በማዳመጥ አገልግል ያለኝ ሰውዬ፣ አለህ ቴፑ የሚሉኝ ሁሉ፣ መነጽራቸውን አድርገው ሽፋኑን ሲያነቡ ታየኝ።

‹‹ከዚያ ሰው እንደ ልቡ ይዘምረዋል?›› አልኳት።

‹‹በየቤቱ ማን ይከለክላል? ቀርጾ መልቀቅ ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። አለበለዚያ ምኑን ይዘን እንሠራለን?››

‹‹የሆስፒታሉ ሴቶችስ?››

‹‹ማመልከት ይችላሉ።››

የድምፅ ባለሙያው በመሃል፣ ‹‹ጩኸቱን ደግሞ ሙልጭ አድርጌ አጸዳዋለሁ፣ ይስሙት›› አለና አንድ ነገር ነካ። መዝሙሩ እንደገና ጀመረ። የጓዳው ክዳን የለም። የወንበሩ መንቋቋት የለም። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው የለም። እትዬ ብቻዋን፣ ማንም በሌለበት ባዶ ቦታ ትዘምራለች። ቤታችን ሟሟ።

‹‹መልሰው›› አለ ሎጋው።

‹‹እህ?››

‹‹መልሰው እልሃለሁ! እንደነበረ አድርገው።›› ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጇ ሳያይ፣ ‹‹መዝሙሩን ልቀቁት። የኔ አይደለም። የሴቶቹንም ገጽ አስከፍቱላቸው።››

‹‹የኔ አይደለም ብለህ መግለጫ ልታወጣ ነው? ከአልበሙ፣ ከጉዞው በፊት?››

ትንሽ አሰበ። እዚያ ላይ አየሁት፤ ያ ቁመተ ሎጋ ሰውዬ ሲያጥር። ‹‹መግለጫ ምናምን አያስፈልግም›› አለ ቀስ ብሎ። ‹‹ዝም ብላችሁ፣ ሳትጮሁ ልቀቁት።››

ሥራ አስኪያጇ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ‹‹እንግዲህ ሁለት መንገድ ነው፣ ጋሼ። ስማችሁ ተጠርቶ መብቱ በእኛ ይያዛል፣ ወይም ዝም ብለን እንለቀዋለን፣ የማንም ስም አይነሳም። ሁለቱንም ማድረግ አልችልም፤ መብቱን ሳልይዝ ስም ካነሳሁ፣ ‹የኔ ነው ብለህ አልነበር?› ተብሎ እሱ መጠየቁ ነው።››

‹‹ሁለቱንም ለምን አይሆንም?››

‹‹አልኩዎት እኮ።››

ሁሉም አየኝ። በዚያች ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች እኔ እስክናገር ጠበቁ። ብዙ ነገር ማለት እፈልግ ነበር። ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ የተኛችው ሴትዮ መጣችብኝ፤ ጸጉሯ ተንጨፍርሮ። ስም ይዤላት ብሄድ ምን ታደርገዋለች? ትለብሰዋለች? ለእኔ ግን ይሆነኝ ነበር። ልክ ይሆነኝ ነበር።

‹‹ልቀቁት!›› አልኩ። ጮኼ ኖሮ የድምፅ ባለሙያው ደነገጠ። ‹‹ልቀቁት፣ ሌላ ምን ቋንቋ አለኝ! ካሴቴንም አምጡ።››

ሎጋው በመኪናው ሊያደርሰኝ ግድ አለ። መኪናው ውስጥ ሽቶ ሽቶ ይላል።

‹‹ጋሼ››

‹‹አቤት››

‹‹እትዬ እንዴት ናት?››

‹‹አንገቱ ቀጥኗል ትልሃለች።››

ሳቀ። ከዚያ፣ ‹‹አንድ ቀን መድረክ ላይ ቆሜ እናገረዋለሁ። ስማችሁን ጠርቼ›› አለኝ።

‹‹መቼ?››

‹‹ጊዜው ሲሆን።››

‹‹እዚህ ጋ አውርደኝ›› አልኩት። ቤቴ ገና ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ጊዜው አልሆነም።

እትዬ በሩን ስከፍት ነቅታ ነበር። ‹‹ምን አሉህ?››

‹‹ለቀቁት።››

‹‹እሰይ! እሰይ የኔ አባት! ስሜን አነሳህ?››

‹‹አላነሱትም።››

‹‹ያንተንስ?››

‹‹ማን ሊያነሳው!›› ብዬ ኮቴን ወንበሩ ላይ ወረወርኩት።

‹‹አኮረፍክ?››

‹‹አላኮረፍኩም።››

‹‹ከንፈርህ እኮ ከአንተ ቀድሞ ነው የገባው›› አለች። ካሴቱን ጭኗ ላይ አደረግኩላት። ስለ እናታችን ድምፅ ነገርኳት፤ ሁለቴ በልቷል ያልኩትንም ጭምር። እየሰማችኝ እጄን ያዘች። አልለቀቀችውም።

የሴቶቹ ገጽ ተከፈተ። ቀኑ ሲደርስ እትዬ ጸጉሯን አስጎነጎነች፤ ትራሱን ከፍ አደረግኩላትና ስልኩን ፊቷ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። የሆስፒታሉ ክፍል ታየ፤ አልጋዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ነርሷ መሃል ቆማለች። ከሥር ሰዎች ይጽፋሉ። አንዱ፣ ‹‹ይህ መዝሙር የማን ነው?›› ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ ‹‹የቆየ ነው፣ ባለቤት የለውም›› ብሎ መለሰለት። ጣቴ በራሷ ሄደች። ‹‹ባለቤትማ አለው። ያወጣችው…›› ብዬ መጻፍ ጀመርኩ።

‹‹ምንድነው የምትነካካው? ዝም ብለህ ያዝልኝ እንጂ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠብኝ።››

የጻፍኩትን አጠፋሁት።

‹‹አየሃት ነርሷን?›› አለች እትዬ። ‹‹ከፍ አድርጋ ጀመረችው። ቆይ፣ ላይኛው ላይ ስትደርስ ያንቃታል።››

እውነትም አነቃት። ድምፅዋ ተሰንጥቆ እንደ ዶሮ ወጣ፤ ሴቶቹ ሊይዙት ሞክረው አቃታቸው፤ መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። አልጋ ላይ ያለችው በሽተኛ እንኳ ጎኗን ይዛ ትስቃለች። እትዬም ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ ሳል ያዛት፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ በአንድ እጇ ውሃ፣ ውሃ እያለች ታመለክተኛለች፣ በሌላው ስልኩን እንዳልወስድባት ይዛዋለች።

ስልኩን ለቀቅኩላትና ውሃውን ላመጣ ተነሳሁ።